ጅማቱን ተዉት፣ ትርታውን ዳብሱት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁን የማነበው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ተውሼ ማለቴ ነው። ጎረቤቴ ይገዛል፣ እኔ ቡና አፈላለሁ፤ በዚህ ተስማምተን ዓመታት አለፉ። ያለፈው ቅዳሜ ግን ጋዜጣው ቤቴ የገባው ከአንዲት አልቃሽ ጋር ነው።

አልቃሿ የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ 16 ዓመቷ ነው። የጤና ዓምዳችሁ ላይ አውራ ጣትንና ትንሿን ጣት አገናኝቶ፣ አንጓን ወደ ውስጥ ሰበር አድርጎ፣ መሐል ላይ ጅማት መውጣት አለመውጣቱን ማየት ይቻላል የሚለውን አንብባ ሞክራዋለች። የሷ አልወጣም። በሁለቱም እጇ። «እትዬ፣ እኔ ጎደሎ ነኝ እንዴ?» አለችኝ።

ጽሑፋችሁ ስህተት ነው አልልም። ግን ግማሽ ነው። በነርስነት 26 ዓመት ሠርቻለሁ። የሰው ክንድ ያየሁትን ያህል የሰው ፊት ያየሁ አይመስለኝም። እና ሌላውን ግማሽ እኔ ልጻፈው።

መጀመሪያ ልጅቷን ላጽናና። ጅማቱ የፓልማሪስ ሎንገስ ነው። ከክርን ውስጠኛ ጎን ተነስቶ እስከ መዳፍ የሚወርድ ቀጭን ጡንቻ ነው፤ ሥጋው አጭር፣ ጅማቱ ረጅም። አንጓን ለማጠፍ ያግዛል፣ የመዳፍን ቆዳ ይወጥራል። ይህን ሥራ አጠገቡ ያሉት ጡንቻዎች አብረውት ይሠሩታል። ስለዚህ እሱ ቢቀር የሚጓደል ሥራ የለም። የሌለው ሰው እንጀራ ይጋግራል፣ ባልዲ ይሸከማል፣ እጅ ሲጨብጥም ያው ነው። መጻሕፍቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ሰው 15 ያህሉ የለውም ይላሉ። ይህ ቁጥር ግን ከአገር አገር ይለያያል። ሲንጋፖር ውስጥ ቻይናውያን ላይ ሲቆጠር 5 እንኳ አልሞላም። ቱርክ ውስጥ ደግሞ ከሩብ በላይ የሚሆኑት የሌላቸው ሆነው ተገኝተዋል።

ቡናው ቀርቦ ስለነበር እዚያው ቆጠራ ጀመርን። ዘጠኝ ሴቶች ነን። ረከቦቱ ላይ እጃችንን ዘረጋን፣ አንጓችንን ሰበር አደረግን። ሰባቱ ላይ ጅማቱ እንደ ክራር አውታር ተወጥሮ ወጣ። የልጅቷ የለም። ዘጠነኛዋ እኔ ነኝ። ቀኝ እጄ ላይ አለ፣ ግራው ላይ የለም! ያን ሁሉ ዓመት የሰው እጅ ስገለብጥ የራሴን ገልብጬ አላየሁም። እናቷ «ይኸው፣ ሲስተርም ግማሽ ጎደሎ ናት» ስትል ነው ልጅቷ የሳቀችው።

ይህ ጅማት ትርፍ መሆኑ ለአንዳንዱ ሲሳይ ነው። ሌላ ቦታ ጅማት የተበጠሰበት ሰው ሲመጣ ሐኪሞች ከዚህ ወስደው ይተኩለታል። በጣም የታወቀው ቶሚ ጆን የሚባለው አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ነው። የግራ ክርኑ ጅማት ተበጠሰና ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ ክንዱ ይህን ጅማት አውጥቶ ተከለለት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1974 ነው፣ እኛ ንጉሣችንን ካወረድን ሁለት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው። ሰውየው ከዚያ በኋላ እስከ 1989 ድረስ ተጫወተ። ቀዶ ሕክምናውም በስሙ ቀረ።

ትርፍ ነው ተብሎ ግን አይደፈርም። ከዚህ ጅማት ሥር ትልቅ ነርቭ ያልፋል። አውራ ጣትንና አጠገቡ ያሉትን ጣቶች የሚያዘው እሱ ነው። ጅማቱ በሌለው ሰው እጅ ላይ ነርቩ ብቻውን ይቀራል፣ ከላይ ሲያዩት ጅማት ይመስላል። ቀዶ ሐኪሞች ጅማት መስሏቸው ነርቩን ቆርጠው ያወጡበት አጋጣሚ በሕክምና መጽሔቶች ተጽፏል። ዶክተር እንዲህ ከተሸወደ እኛ ነርሶችማ!

ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ዓመቱን አልጽፍም፣ የሆስፒታሉንም ስም አልጠራም።

ክረምት ነበር፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ከሐይቅ ከተማ በኩል አንድ ሰው ይዘው መጡ፣ አርባዎቹ ውስጥ ይሆናል። ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ውሎ ዓይኑ ጎድጉዷል። ደም ስሩ ሁሉ ተደብቋል። የእጁ ጀርባ ላይ ሁለት ጊዜ ሞክረን አጣን። አብራኝ ለልምምድ የወጣች ተማሪ ነበረች። ግራ ክንዱን ገለበጠችና ፊቷ በራ። «ሲስተር፣ ይቺን የመሰለች!»

እውነቷን ነው። ከክርኑ ዝቅ ብሎ በትንሿ ጣት በኩል፣ እዚያው ከቆዳው ሥር፣ ወፈር ያለ ቀጥ ያለ ነገር ይወርዳል። ሎተሪ የወጣልን መሰለን። «ውጊ» አልኳት። ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ የኔ ነው። ደም ስሩ እንዲወጠር ክንዱን በጓንት አሰረችና ወጋች። ካኑላው፣ ደም ስር ውስጥ የሚቀረው ቀጭን ቱቦ፣ ባንድ ሙከራ ገባ። ደም ታየ፣ ጓንቱን ፈታን፣ ፕላስተር ለጠፍን፣ ግሉኮስ ሰቀልን።

ግሉኮሱ አልወርድ አለ። መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፣ ጠብታ የለም። ክንዱን አቃናሁ፣ አሁንም የለም። ማንጠልጠያው አጭር ነው ብዬ ሌላ ልፈልግ ዞር ስል ተማሪዋ «ሲስተር፣ ደሙ እየወጣ ነው» አለች። ወደ ግሉኮሱ ቱቦ ማለቷ ነው። ፊልም ላይ እንደሚታየው አልተፈናጠረም። ሰውየው ፈሳሽ አልቆበት ግፊቱ ወርዷል። ቀስ እያለ ነው የወጣው። ስንዝር ያህል ወጣና ቆመ። ከዚያ የደሙ ጫፍ ቱቦው ውስጥ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ጣቴን ከካኑላው በላይ አሳረፍኩ። ይመታል። ከቱቦው ጋር እኩል ይመታል።

አጠገቤ ያለው ሳህን ላይ ፕሮሜታዚን የተቀዳበት መርፌ ተቀምጧል። ማስታወኩን እንዲያቆምለት ታዞለታል። ግሉኮሱ ባያስቸግረን ኖሮ በዚያው ካኑላ ልሰጠው ነበር።

ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ደም ቅዳ ደምን ከልብ ያወርዳል፣ ደም መልስ ወደ ልብ ይመልሳል። ግሉኮስና መርፌ የሚሰጠው በደም መልስ ነው። እዚያ የገባ መድኃኒት ወደ ልብ ሄዶ፣ ከብዙ ደም ጋር ተቀላቅሎ ይሳሳል። ደም ቅዳ ውስጥ ከገባ ግን ሳይሳሳ በቀጥታ ወደ ጣት ይወርዳል። ፕሮሜታዚን ደግሞ ቧንቧውን ያቃጥለዋል። ቧንቧው ይዘጋል፣ ጣት ይጠቁራል፣ ሥጋው ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ቨርሞንት በምትባለው የአሜሪካ ግዛት አንዲት ጊታር ተጫዋች ለራስ ምታትና ለማቅለሽለሽ ይህንኑ መድኃኒት ተወጋች። ደም ቅዳዋ ውስጥ ገባና ክንዷ ተቆረጠ። ክሱ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2009 ተፈረደላት። የሷ ክንድ እንደ ሐይቁ ሰውዬ የተለየ ነበር ማለቴ አይደለም። መድኃኒቱ መንገድ ሲስት ምን እንደሚያደርግ እንድታዩ ነው።

ካኑላውን ነቅዬ ሰዓት እያየሁ 10 ደቂቃ ተጫንኩት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበስኩ፣ ሙቅ ናቸው። ጥፍሩን ጫን ለቀቅ አደረግሁ፣ ቀለሙ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ነው እጄ የተንቀጠቀጠው። ሰውየው አይቶኝ «አብሽሪ» አለኝ። በሽተኛው እሱ፣ የሚያጽናናው እሱ!

ተረኛው ዶክተር መጣና የጓንት ካርቶን ቀዶ ጀርባው ላይ ሣለልን። ያን ሥዕል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከብብት የሚወርደው ዋናው ደም ቅዳ ክርን ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በአውራ ጣት በኩል ይወርዳል፤ አንጓ ላይ ትርታ የምንቆጥረው በሱ ነው። ሌላው በትንሿ ጣት በኩል ነው፤ እሱ ከጡንቻዎቹ ሥር ይገባና ወደ አንጓ ሲጠጋ ብቻ ብቅ ይላል። መጽሐፉ ይህን ይላል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ይህ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ቅርንጫፍ ገና ከላይ፣ ክንዱ ላይ ይለይና ከጡንቻዎቹ ሥር በመግባት ፈንታ ከላያቸው ይወርዳል፣ እዚያው ከቆዳ ሥር። ጥናቶቹ ከ100 ሰው ከአንድ በታችም፣ እስከ 7 ድረስም አግኝተዋል። በአውራ ጣት በኩል ያለው ደግሞ ከላይ ተለይቶ የሚነሳበት ክንድ ከ100 ወደ 14 ይደርሳል። እሱ ከቆዳ ሥር ባይታይም ለልብ ሐኪሞች ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 ወዲህ በአንጓ በኩል ሽቦ አስገብቶ የልብን ቧንቧ ማየት ተጀምሯል። መንገዱ እንዲህ ሲለያይ ሽቦው አላልፍ ይላል።

«ለምን እንዲህ ይሆናል?» ብላ ተማሪዋ ጠየቀች። መልሱን በራሴ አነጋገር ልበለው። ቆቦ ላይ ቦይ የቀደደ ገበሬ ቶሎ ይገባዋል። አዲስ ቦይ ሲቀደድ ውኃው ወደዚያ ይሄዳል፣ አሮጌው ይደርቃል። ማኅፀን ውስጥም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ክንዱን የሚመግበው መሐል ለመሐል የሚወርድ ቧንቧ ነው። ዳርና ዳር ያሉት ሲያድጉ፣ 8ኛው ሳምንት ገደማ፣ መሐለኛው ይከስማል። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን አሮጌው ቦይ ሳይደርቅ ይቀራል፣ ወይም ውኃው በሌላ ቦይ መሄድ ይለምዳል።

ይህ ሳይደርቅ የቀረው መሐለኛ ቧንቧ እ.ኤ.አ. በ2020 ዜና ሆኖ ነበር። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ቆጥረው፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ በተወለዱ ሰዎች ላይ ከ100 በ10ሩ ይገኝ የነበረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተወለዱት ላይ 30 ገደማ ደርሷል አሉ። «የሰው ልጅ እየተለወጠ ነው» ተብሎ ተጮኸ። ይለወጥ አይለወጥ ለነሱ ልተወው። እኔ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ነገ የሚመጣልኝ ክንድ ሥዕሉን ላይመስል እንደሚችል ካወቅሁ ይበቃኛል።

ያን ሌሊት ሰውየውን በቀኝ እጁ አገኘንለት፣ በሦስተኛው ቀን ወጣ። ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። ለሱም ነገርኩት። «እኔማ ከልጅነቴ ጀምሮ ትመታለች፣ ጅማት መስላኝ ነበር» አለኝ።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዓመት ሳይሞላ መናኸሪያ ላይ አገኘሁት። እጅጌውን ሰበሰበና አሳየኝ። ከክርኑ እስከ አንጓው በልዟል፣ እንደ በሰለ ሾላ ጠቁሯል። ሌላ ጤና ተቋም ሄዶ ነበር። አዲስ ቦታ፣ አዲስ ካርድ። የኔ ቀይ እስክሪብቶ የት ይገኛል? «ነገርኳቸው እኮ ሲስተር። ወላሂ ነገርኳቸው። ይቺን አትንኳት፣ ትመታለች ብያለሁ። ‹የተማርነው እኛ ነን ወይስ አንተ?› አሉኝ።» ደግነቱ መድኃኒት ሳይገባ ነቅተዋል።

በወጋው ሰው አልፈርድም። እኔም «ውጊ» ብያለሁ። የተናደድኩት በመልሱ ነው። ሰውየው ያንን ክንድ አርባ ዓመት ተሸክሞታል። እኛ ያየነው ሁለት ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ያንኑ ዓምድ መልሳችሁ ክፈቱትና የጅማቱን ጨዋታ ባስቀመጣችሁበት ቦታ ይህን አስቀምጡ። ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ጓንት ከማሰራችሁ በፊት በጣት ዳብሱ ነው። በፊት ያልኩት በምክንያት ነው። ጠብቆ የታሰረ ጓንት ትርታውን ያጠፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ደም ቅዳውም ደም መልስ ይመስላል። ግፊቱ የወረደ በሽተኛ ላይ ደግሞ ትርታው ቀጭን ስለሆነ ጣታችሁን ትንሽ አቆዩት። የደሙ ቀለም ብቻውን አያድናችሁም፣ የደከመ ሰው ደም ከደም ቅዳም ቢሆን ይጠቁራል። ግሉኮስ አልወርድ ካለ፣ ደም ወደ ቱቦው ከወጣ፣ በሽተኛው «ጣቴን አቃጠለኝ» ካለ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። መድኃኒት ገብቶ ከሆነ ደግሞ ካኑላውን በድንጋጤ አትንቀሉት። መስጠቱን አቁማችሁ ሐኪም ጥሩ። ማርከሻው በዚያው ሊሰጥ ይችላል።

አንባቢዎቻችሁ ደግሞ እቤታቸው ሁለት ጣት አሳርፈው ይሞክሩ። አንጓ ላይ በአውራ ጣት በኩል ቢመታ ያ የሁላችንም ነው፣ አትደንግጡ። ከክርን በታች ክንዱ መሐል ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ እዚያው ከቆዳ ሥር የሚመታ ካገኛችሁ ግን ልብ በሉት። በሽታ አይደለም። ሆስፒታል አትሩጡ፣ የኛ ወረፋ በቂ ነው። መርፌ ይዞ ለሚመጣው ሰው ብቻ ንገሩት። ልጅቷ ሞክራዋለች፣ የላትም። አሁን ደግሞ «ለምን አይኖረኝም?» ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

የሐይቁን ሰውዬ መናኸሪያ ላይ እንዳገኘሁት ከሱቅ ወረቀት ለምኜ ጻፍኩለት። የቀበሌ መታወቂያው ላስቲክ ውስጥ አጥፎ ከተተው። ጋዜጣችሁ ቦታ ካለው እንዲህ የሚለውን እንዳለ አትሙልኝ፣ የሚያስፈልገው ሰው ቆርጦ ይያዘው፦

«የዚህ ሰው ግራ ክንድ ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ከቆዳ ሥር የሚታየው ደም ቅዳ ነው። መርፌ አይወጋበትም፣ ካኑላ አይገባበትም። ያላመነ በጣቱ ይንካው።»

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ነርስ፣ ከደሴ
(ስሜን ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻው ልኬአለሁ)